ሰው ሲበዛበት የሚወድቀው ኮንሶል

እህት ዓለም፣

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ብቅ ስል ምን እንደምትይ አውቃለሁ። ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ስለ ጤናና ስለ ኑሮ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ። ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ላጫውትሽ፤ ካንቺ በቀር በቅጡ የሚረዳኝ ሰው የለም።

ነገሩ ያ የኮንሶል ሥርዓታችን ነው፤ ከኔትወርኩ ውጭ በሲሪያል መስመር ከሰርቨሮቹ ጋር የሚያገናኘንና የሚያወጡትን መልእክት የሚመዘግበው ፕሮግራም። አዎ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ያንቺ ሉፕም፣ ግንኙነቶቹን እየዞረ የሚከታተለው ኮድሽ፣ እንዳለ አለ። ማሻሻያው ከተጫነ ወዲህ ግን መውደቅ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። አንድ ሰርቨር ተበላሽቶ ሰዉ ሁሉ በየኮንሶሉ ለመግባት ሲረባረብ ግን ድርግም ይላል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ወደ ማሽኖቹ የምንደርስበት ሌላ መንገድ የለንም። ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሲሞት የመጨረሻ መልእክቱን የሚያወጣው በሲሪያል መስመሩ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚቀበለው ከሌለ እስከ ወዲያኛው ጠፋ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የምስጠራ ላይብረሪው ነበር፤ ከማሻሻያው ጋር አብሮ ተለውጧልና። ባልደረቦቼ ወደ ቀድሞው እትም እንመለስ አሉ፤ እኔ አሻፈረኝ አልኩ። መመለሱ ውድቀቱን ሊያስቆመው ይችላል፤ ምክንያቱን ግን አዳፍኖ ያስቀረዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የማኅደረ ትውስታው ቅጂ የሚቀመጥበት ኮር ፋይል እንዲጻፍ አድርጌ ጠበቅሁ። ሲወድቅ በጂዲቢ፣ በስህተት መፈለጊያው መሣሪያ፣ ከፈትኩት። ሲግናል 11 (ያልተፈቀደ ማኅደረ ትውስታ ሲነካ ከርነሉ የሚልከው) ስጠብቅ ያገኘሁት 6 ሆነ። ፕሮግራሙን ከርነሉ አልገደለውም፤ ራሱን በራሱ ነው ያቆመው። የጥሪውን ሰንሰለት ቁልቁል ወረድኩበት፦ አቦርት (ራስን የማቆም ጥሪ)፣ ከሥሩ የፎርቲፋይ ፍተሻ (ከተመደበ ቦታ ውጭ መጻፍን የሚከላከለው)፣ ከሥሩ ኤፍዲኤልት የሚል ስም፣ ከዚያ ሥር ያንቺ ሉፕ። ያወጣሽለትን ስም እዚያ ሳየው ደስታና ናፍቆት ተቀላቀለብኝ፤ ይህን መናገሩ ትንሽ ቢያሳፍረኝም እውነቱ ይህ ነው።

ሲሌክት ነው፣ ከብዙ ግንኙነቶች መካከል የትኛው መልእክት እንዳለው የሚጠይቀው ጥሪ! በሊኑክስ ላይ ሲሌክት የሚያስተናግደው ከ0 እስከ 1023 ያሉትን የፋይል መለያ ቁጥሮች (ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይልና ግንኙነት የሚሰጡትን) ብቻ መሆኑን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። አንድ ኮንሶል ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱን ለግንኙነቱ፣ ሌላውን ለሎግ ፋይሉ። ያኔ የነበሩን ማሽኖች ጥቂት ነበሩ። ዛሬ ኮንሶሎቹ ወደ አምስት መቶ ተጠግተዋል፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ደግሞ የየራሱን ቁጥር ይጨምራል። 1024 ቁጥር የደረሰው ሰው ሲገባ ፍተሻው ፕሮግራሙን ያስቆመዋል። ባያስቆመው ይብስ ነበር፤ ቦታው የማይበቃው ቢት ጎን ያለውን ማኅደረ ትውስታ እያበላሸ ይቀጥል ነበርና።

ታዲያ ከማሻሻያው በፊት ለምን አልወደቀም? የዚህ መልስ ነው ከወንበሬ ያስነሳኝ። ፕሮክ ማውጫ ውስጥ ያለውን፣ የፕሮግራሙን ገደቦች የሚያሳየውን የሊሚትስ ፋይል ስከፍት የሚከፈቱ ፋይሎች ጣሪያ 65536 ይላል። ድሮ 1024 ነበር። ያኔ ዘግይቶ የመጣው ሰው «በጣም ብዙ ፋይሎች ተከፍተዋል» ተብሎ ይመለሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ሲሞክር ይገባል፤ ማንም ልብ አይለውም። አዲሱ የአገልግሎት ፋይል ጣሪያውን ሲያነሳው ሳናውቀው ሲጠብቀን የኖረው ገደብ አብሮ ተነሣ። በመሞከሪያው ማሽን ላይ ባዶ ፋይሎች እያስከፈትኩ ቁጥሩን ከፍ አደረግሁት፤ 1023 ሲያልፍ ወዲያው ወደቀ። ጮኽኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ለጊዜው ጣሪያውን ወደ 1024 መልሼዋለሁ። አይወድቅም፤ ግን አንዳንድ ሰው በር ላይ ይቀራል፣ የሚቀረው ደግሞ ማሽኑን የሚያውቀው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የሲሌክትን ሥራ ወደሚሠራው ሌላ ጥሪ፣ ወደ ፖል፣ መሻገር ነው፤ ፖል እንዲህ ያለ የቁጥር ወሰን የለበትም። እዚህ ጋ ነው አንቺን የፈለግሁሽ። በሉፑ መካከል መስመሩ የተቋረጠበትን ኮንሶል ሲሌክት ከሚከታተለው ስብስብ ታወጪዋለሽ፣ ቁጥሩን ግን አትዘጊውም። ከላዩ «ይህን አትንኩ» ብለሽ ጽፈሻል። ትእዛዝሽ ተከብሮልሻል፣ እስከ ዛሬ የነካው የለም፤ ምክንያቱን ግን ለማን አስቀምጠሽው ነው?

የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም። ፖል ሌላው ወገን የዘጋውን መስመር ባንጠይቀውም ደጋግሞ ይነግረናል፤ እንዲሁ ከተውኩት ሉፑ ያለ እረፍት እየተሽከረከረ ፕሮሰሰሩን ይበላዋል። መለያ ቁጥሩን አሉታዊ ባደርገው ፖል ይዘለዋል፤ እውነተኛው ቁጥር ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይቆይልኛል። ይህ ያንቺን ሐሳብ ይጠብቃል? ወይስ ቁጥሩን ክፍት የተውሽው እኔ ላልገባኝ ሌላ ነገር ነው?

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፣ እና... ከጠፋሁ በኋላ በዚህ መምጣቴ እንዴት እንደሚታይሽም አስቤበታለሁ። ሁሉንም ኮድ እንድታነቢ አልፈልግም። ሉፑን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ከሲሌክት ጥሪው በታች ያለውን ያን አንድ ክፍል ብቻ እዪልኝና በሁለት መስመርም ቢሆን መልሺልኝ። እስከዚያ ድረስ አልነካውም።

ናፋቂሽ