«ሌሎቹ ሴት ልጆች የት ነበሩ?»

ውድ ወዳጆቻችን፣

በአክሱም አካባቢ የሚነገር አንድ የቆየ ተረት አለ። አርዌ የሚባል ዘንዶ አገሩን ይገዛ ነበር። ሰዉ በየተራ የበኩር ሴት ልጁን፣ ከጠጅና ከወተት ጋር፣ ይገብርለታል። ተራው እቴዬ አዜብ የምትባል ልጅ ቤት ደረሰ። ልጅቷን ወስደው ከዛፍ ጋር አሰሯት። ቅዱሳን መጥተው ዘንዶውን ገደሉት። ደሙ ግን ተረከዟ ላይ ተንጠባጠበና እግሯ የአህያ ኮቴ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እስከዚህ ነው። እኔ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አዜብ ወደ መንደሯ ስትመለስ «አምልጠሽ ነው የመጣሽው!» ብለው አባረሯት። ዛፍ ላይ ወጥታ አደረች። አስቡት፤ የታሰረችውም ከዛፍ ጋር ነበር። ሲነጋ ግን ወደ እነዚያው ሰዎች ተመለሰች። ወስዳ የሞተውን ዘንዶ አሳየቻቸው። ወዲያው አለቃቸው አደረጓት።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ 12 ሴት ልጆች ፋንታሲ፣ ማለትም ምናባዊ ታሪክ፣ መጻፍ የሚለማመዱበት አንድ ክፍል አለን። ይህን ተረት አብረን ስናነብ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «ሌሎቹ ሴት ልጆች የት ነበሩ?» አለች። ማናችንም ቶሎ መመለስ አልቻልንም።

መልሱ ለካ እዚያው ነበር። ጀርመናዊው ምሁር ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ትረካ ውስጥ አዜብ ከተሾመች በኋላ ምክትሏ እንድትሆን የመረጠችው እንደ እሷው ያለች ልጃገረድ ናት። ወንድ መስለው ወደ ንጉሥ ሰሎሞን የተጓዙትም ሁለቱ አብረው ነው። የዚያች ልጅ ስም ግን አልተነገረም።

ልጆቹ ስም አወጡላት። ታሪክም ጻፉላት። በአንዱ ታሪክ አዜብ ኮቴዋን ደብቃ መሄድ ስታበዛ፣ «እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ፤ አንቺ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ተከተይኝ» የምትላት እሷ ናት። በሌላ ታሪክ ሰባት እህትማማቾች ሹሩባቸውን እርስ በርስ ጎንጉነው ጓደኛቸውን ከገደል ያወጣሉ። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ታሪክ ተሰበሰበ። ሁሉም በአማርኛ፣ ሁሉም በእጅ የተጻፉ። እኛ ልጆች ሳለን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢኖረን እንዴት በወደድን ነበር!

አሁን ልናሳትመው ነው። 176 ገጽ፣ 1,000 ቅጂ። ማተሚያ ቤቱ 320,000 ብር ጠይቆናል። እስካሁን 95,000 ብር ሰብስበናል፤ 225,000 ብር ይጎድለናል። 320 ብር የሰጠ ሰው አንድ መጽሐፍ አሳተመ ማለት ነው። 400ው ቅጂ በነጻ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። የቀረው ተሽጦ ለሁለተኛው መጽሐፍ ማሳተሚያ ይሆናል።

የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስታችን ጣምራ ፊርማ ነው። ደረሰኞቹን በሙሉ እናሳያለን። የሒሳብ ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ። ገንዘብ የሌለው ሰው ጊዜውን ቢሰጠን ደስ ይለናል፤ በተለይ የፊደል ግድፈት የሚለቅም ሰውና ሥዕል የሚስል ሰው በጣም ያስፈልገናል።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ስም ይወጣል። ከራሳችሁ ስም ይልቅ በልጅነታችሁ ተረት ያወራችላችሁን ሴት ስም ብትሰጡን እንመርጣለን። እኔ የአክስቴን ስም አስመዝግቤያለሁ።