ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ፎቶው ግን አይሄድም

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሰሜን ሸዋ ታወሮችን ከፋይበር ጋር ስለማገናኘት

እንደምን ከረማችሁ? መንዝ ደህና ነን፤ ብርዱም እንደለመደው ነው።

በገበያ ቀን መሀል ሜዳ ብትመጡ፣ ዝተት ሻጩ አዲስ አበባ ላለ ደንበኛው ፎቶ ሊልክ ሲታገል ታዩታላችሁ። ስልኩ 4ጂ ይላል፤ ኔትወርኩም ሙሉ ነው። ክቧ ግን ትዞራለች፣ ትዞራለች። ያንኑ ፎቶ ሌሊት ቢልከው እልም ብሎ ይሄዳል።

ይህ የታወር እጥረት አይመስለኝም። ስልካችን ላይ የምናየው ምልክት የሚነግረን እስከ ታወሩ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያስ? ታወሩ ከዋናው መስመር የሚገናኘው በማይክሮዌቭ፣ ማለትም ያለ ገመድ በአየር በሚላክ ሞገድ ከሆነ፣ ዳታው ከኮረብታ ኮረብታ እየተቀባበለ ነው የሚጓዘው። አቅሙ ውስን ነው፤ ዶፍ ዝናብም ያዳክመዋል። ገበያተኛው ሁሉ ባንዴ ዳታ ሲከፍት ይጨናነቃል። እዚያው ታወር ላይ 5ጂ ቢሰቀልም ዳታው መውጫ ካላገኘ ለውጡ ለስሙ ነው። ፋይበር ግን ፀጉር በምታክል የመስታወት ክር በሰከንድ 10 ጊጋቢትና ከዚያም በላይ ያሳልፋል።

ፋይበር በየቤታችን ይግባ አላልኩም። የመንዝን ገደል እየሰነጠቁ ለየጎጆው መቆፈር የማይሆን ነገር ነው። እስከ ታወሩ ይምጣልን፤ ከታወሩ እስከ ስልካችን ያለውን የታወሩ ሞገድ ይወጣዋል። ማይክሮዌቩም አይነቀል። ስካቫተር ፋይበሩን የበጠሰ ቀን (መበጠሱ አይቀርም) መጠባበቂያ ይሆነናል።

ወጪው ያለው ቁፋሮው ላይ ነው። ታዲያ ከጣርማ በር ወደ መሀል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ሲጠገን ባዶ ቱቦ አብሮ ቢቀበር ምን ይገዳል? የከፍተኛ ኃይል መስመር ባለበትም፣ ከምሰሶው አናት በሚዘረጋው ሽቦ ውስጥ ፋይበር ማሳለፍ ይቻላል፤ በአገራችንም ተሠርቶበታል። አንዱ የቴሌኮም ኦፕሬተር የዘረጋውን ሌላው ይከራይ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋማችሁት እናንተ ናችሁና ይህን ማስፈጸም የእናንተ ፋንታ ነው።

ለጊዜው የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በየወረዳው የትኛው ታወር በፋይበር፣ የትኛው በማይክሮዌቭ እንደተገናኘ ዝርዝሩን ይፋ አድርጉልን። በሽፋን ሪፖርት እኛም «ኔትወርክ አላቸው» ተብለን እንቆጠራለን። ዝርዝሩ ወጥቶ ሞላሌ ወይም ራቤል ከእኛ ይብሳል ከተባለ፣ ቅድሚያው ለእነሱ ቢሆን አልከፋም። ብቻ አይተን ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመሀል ሜዳ ነዋሪ