ጤና ኬላው ቆሞ፣ ሰዉ ሲጓዝ፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአርብቶ አደሩን ጤና ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአፋር ክልል በአንድ ወረዳ ለአራት ዓመታት ያገለገልኩ የጤና መኮንን ነኝ። የተወለድኩት ባቲ ነው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ከደጋ እህል ጭኖ የወረደውና ከአፋር በረሃ ግመልና ፍየል እየነዳ የመጣው የሚገበያዩባት ከተማ ናት። ሁለቱን በአንድ ገበያ እያየሁ ስላደግኩ፣ ማታ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የልጆቻቸው ዕድሜ በሄዱበት አቅጣጫ እንደሚወሰን አስቤ አላውቅም ነበር። ይህን ያወቅኩት ወደ ሚሌ የሚወስደውን ቁልቁለት ወርጄ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ቁጥሮቹ ከእናንተ የተሰወሩ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 39ኙ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በአፋር ግን 125ቱ ይሞታሉ፤ ከስምንት ልጆች አንዱ ማለት ነው። የአገሪቱ አማካይ 67 ነበር። ይህ አማካይ በየመድረኩ የሚቀርበው ከቀድሞው መቀነሱ እየተነገረ ነው፤ መቀነሱም እውነት ነው፤ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ የደከሙበት ውጤት ነው። ስምንተኛው ልጅ ግን በአማካይ ውስጥ አይታይም።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ባህላቸው ነው፣ እናቶቹ ጤና ጣቢያ መውለድ አይፈልጉም ይባላል። በሥልጠናም በስብሰባም ሰምቼዋለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት እኔም ራሴ ተናግሬዋለሁ። ስህተት ነበር። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። የጎጃሟም፣ የአርሲዋም፣ የወሎዋም እናት የምትወልደው ቤቷ ነበር፤ ያኔም ባህል ነው ተብሎላታል። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሰ። በእነዚህ 14 ዓመታት ባህሉ ብቻውን ተነሥቶ አልተለወጠም። አዋላጅ ነርስ ቀረበች፣ አምቡላንስ መጣ፣ መንገድ ተጠረገ፣ በየጤና ጣቢያው ማቆያ ቤት ተሠርቶ ለወላድ ገንፎ ይገነፋ ጀመር። የደጋዋ እናት የመጣችው አገልግሎቱ ወደ እርሷ ስለሄደ ነው። በአፋር በ2008 ዓ.ም. በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 15 ነበሩ።

ባህል ምንም ድርሻ የለውም አልልም። የሴት ልጅ ግርዛት፣ በተለይም ከተገረዘች በኋላ ብልቷ መሰፋቱ፣ ምጥን ምን ያህል እንደሚያከብደው በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ምጥ ለሚከብድባት እናት አዋላጅ ከሌላው አገር ይበልጥ ልትቀርባት ይገባ ነበር እንጂ ልትርቃት አይገባም ነበር።

አንድ ቀን ክትባት ይዘን ወጣን። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ውጭው ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። ከግማሽ ቀን መንገድ በኋላ ከሰፈሩ ስንደርስ ያገኘነው አመድና የከብት በረት ብቻ ነው። ዳቦይታዎቹ፣ ማለትም ተነቃይ ጎጆዎቹ፣ ፈርሰው፣ በግመል ተጭነው፣ ሰዉ ግጦሽ ፍለጋ ሄዷል። በረዶው ቀለጠ፤ ተመለስን፤ በሪፖርቱ ላይም ነዋሪዎቹ አልተገኙም ብለን ጻፍን። ከወራት በኋላ ከዚያ ሰፈር የሆነች አንዲት እናት ሌላ ቀበሌ ውስጥ አገኘኋት። የልጇን የክትባት ካርድ በላስቲክ ጠቅልላ ከቆዳ ከረጢት አወጣችልኝ። ልጁ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ካርዱ ላይ የተሞላው በስድስተኛው ሳምንት የተሰጠው ብቻ ነበር። ካርዱን አንድም ሳይታጠፍ ጠብቃዋለች። አብረዋት የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ “የት እንደሄድን መንገደኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያልጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዝናብ የት እንደዘነበ፣ ማን እንደታመመ፣ የትኛው ሰፈር ወዴት እንደተነሣ አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። በዚህ ወሬ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። የእኛ ዕቅድ ግን የሚሠራው በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ላይ በየዓመቱ እየተደመረ በሚመጣ ግምት ነው። ይህ ግምት እንኳን የተጓዘውን፣ የተቀመጠውንም በትክክል አይነግረንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ባለሙያዎች ታስበው ነበር። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የአካባቢው ልጅ፣ ከቤት ወደ ቤት የምትሄድ ባለሙያ። ለአራሹ ገበሬ ይህ ድንቅ ሐሳብ ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ቤቱ በግመል ለሚጓዝ ሰው ግን ከቤት ወደ ቤት መሄድ ምን ማለት ነው? አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች ጥቂት በሆኑበት አገርስ የአካባቢዋ ልጅ ከየት ትምጣ? በነበርኩበት ወረዳ የአፋርኛ ቋንቋ በማትችል ባለሙያ የሚሠሩ ጤና ኬላዎች ነበሩ፤ ተቆልፈው የሚውሉም ነበሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የተመረጡት ከትግራይ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከደቡብ ክልሎች ነበር፤ አፋር አልተካተተም።

ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን እንዳለ አውቃለሁ፤ ሲሠራም አይቻለሁ። የሚመጣው ግን በአብዛኛው ድርቅ ሲገባ፣ በለጋሾች ገንዘብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ መኪናውም ይሄዳል። ድርቅ በሌለበት ወር የምታምጥ እናት ምን ታድርግ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 መንግሥት በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዝዛል። ስለዚህ የምለምናችሁ እርዳታ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ቡድኑ ቋሚ የመንግሥት በጀትና ቋሚ ሠራተኛ ይኑረው። በየቡድኑ ዳጉውን የሚሰማ፣ ሰፈሩን ተከትሎ የሚጓዝ ደመወዝተኛ የአፋር ልጅ ይመደብ፤ ንባብ ባይበዛለት እንኳ የት መሄድ እንዳለብን ከእኛ የተሻለ ያውቃል። የአፋር ሴት ልጆች አዋላጅ ሆነው እንዲመለሱ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አዳሪ ትምህርትና ስኮላርሺፕ ይዘጋጅላቸው። ዓመታዊ ሪፖርታችሁም የአገሪቱን አማካይ ባስቀመጠበት ገጽ ላይ የአፋርንና የሶማሌን ክልሎች ቁጥር በእኩል መጠን ያትም።

በ2008 ዓ.ም. ጥናት በአፋር መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት ሕፃናት ከመቶ 15 ነበሩ፤ በአዲስ አበባ 89። የቀጣዩ ዓመት በጀት ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ለዚህ ልዩነት ምን ያህል ገንዘብ እንደያዛችሁ በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በአፋር ያገለገለ አንድ የጤና መኮንን