የጂኦግራፊ ክበብ፦ ዘንድሮ ሐኒሽ ላይ ነበርን

«ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ምን አገባን?» ዘንድሮ ይህን ጥያቄ በመምህራን ማረፊያ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። መልሱን እዚሁ ልስጥ።

ክበባችን 23 አባላት አሉት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ እንሰበሰባለን። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ኮሚቴ መረጥን፣ ሁለት የግድግዳ ጋዜጣ አወጣን፣ ቻይናና ፊሊፒንስ በሚወዛገቡበት በደቡብ ቻይና ባሕር ላይም ተከራከርን። ቻይናን የያዘው ቡድን በጭብጨባ አሸነፈ። በእውነተኛው የግልግል ጉባኤ ግን ሐምሌ 2008 ዓ.ም. አብዛኛው ነጥብ ለፊሊፒንስ ተወስኗል፤ ቻይናም አልቀበልም ብላለች። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ፍርድ ምን ይሠራል?» አሉኝ። የሐኒሽ ደሴቶችን ጉዳይ ያመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በደቡባዊ ቀይ ባሕር ላይ ባሉት በእነዚህ ደሴቶች የተነሳ የመንና ኤርትራ ታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ተዋጉ፤ ሰው ሞተ። ኋላ ግን ጉዳያቸውን ለአምስት ዳኞች ሰጡ። መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም. ዙቀርና ሐኒሽ ለየመን፣ ሞሐባካ የሚባሉት ትንንሾቹ ለኤርትራ ተወሰኑ። በዓመቱ የባሕሩ ወሰን ተሰመረ። ሁለቱም ተቀበሉ። ልጆቹን የገረማቸው ማስረጃው ነው። ሁለቱም ወገን የጥንት ታሪክ ይዞ ቀርቦ ነበር። ሚዛን የደፋው ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፦ መብራት ማማ ማን ተከለ፣ ፈቃድ ማን ሰጠ፣ ማን ቃኘ። ኤርትራ ካቀረበቻቸው ማስረጃዎች አንዱ ደግሞ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ቅኝት ነው። «ምን አገባን» ላላችሁኝ ባልደረቦቼ፣ ይኸው።

የክበባችን ካርታ ኤርትራ አገር ከመሆኗ በፊት የታተመ ነው። ከምፅዋ እስከ አሰብ ከእኛ ጋር አንድ ቀለም ነው፤ ሐኒሽ ያለችበት ቦታ ደግሞ በእጥፋቱ ተበልቷል። ስለዚህ መጋቢት ላይ ልጆቹን ይዤ ጣና ወጣሁ።

ሒሳቡን ጀልባ ላይ ሠራን። አንድ አገር ከዳርቻው 12 የባሕር ማይል የግዛት ባሕር አለው፤ 22 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጣና ሰፊው ቦታ ላይ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት አገሮች ወዲህና ወዲያ ቢቀመጡ መሐሉ ላይ 22 ኪሎ ሜትር ይተርፋል። «የማን ነው?» ብለው ጀልባውን በጩኸት ሞሉት። በዚህ መሐል ሞተሩ ቀጥ አለ።

ለአርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ አጠገባችን መረቡን ይስባል። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማነው የ10ኛ ክፍል ልጃችን ብድግ ብሎ «አያ» እያለ ያወራው ጀመር። ለካ አባቱም ዓሣ አጥማጅ ናቸው። መረብ ማታ ተጥሎ እንደሚያድር፣ ነፋስ እየገፋ ሌላ ቦታ እንደሚያደርሰው ለጓደኞቹ ያስረዳቸው እሱ ነው። እጁን እያወዛወዘ፣ የእኔን ክፍል የሚያስንቅ ትምህርት ሰጠ።

የሐኒሽን ክርክር በምስለ ችሎት ሚያዝያ ላይ አደረግን። ዳኞቹ የምረቃ ጋውን ተውሰው ለበሱ። ያ ልጅ ሥራው ሰዓት መያዝ ብቻ ነበር። የየመንና የኤርትራ ጠበቆች ጨርሰው ዳኞቹ ሊነሱ ሲሉ እጁን አወጣ።

«ክቡራን ዳኞች፣ መስመሩ ከተሰመረ በኋላ መረቤ ከወዲያ ቢያድርስ?»

ዳኞቹ ተያዩ። መልሱ በያዙት ወረቀት ላይ አልነበረም። ከውሳኔው አሳጥሬ ያዘጋጀሁት ጽሑፍ 14 ገጽ ነበር፤ 9ኛው ላይ የማባዣው ቀለም አለቀና ልጆቹ የደረሳቸው እስከዚያው ነው። 11ኛው ገጽ ላይ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች ደሴቶቹ ዙሪያ እንደ ድሮው ማጥመዳቸውን እንዲቀጥሉ ዳኞቹ መወሰናቸው ተጽፏል። ያ ልጅ ይህን አላነበበም። ቆሜ ሳነብላቸው እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰዓቱን ያይ ነበር። እኔ ደግሞ ድምፄ ትንሽ አስቸግሮኛል፤ ያስተዋለ ካለ ይቅር ይበለኝ።

ያልተሳካም አለ። የክልል ውድድር ምዝገባ አመለጠን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አራት ልጆች በትራንስፖርት ምክንያት አቋረጡ። ሚኒ ሚዲያ አዲስ ድምፅ ማጉያ ማግኘቱ ደስ ብሎናል፤ እኛ ግን የምንጠይቀው አንድ ካርቶን ወረቀትና በዚህ ዘመን የታተመ ካርታ ነው። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት እባካችሁ ስሙን። ለከርሞ የኬንያንና የሶማሊያን የባሕር ወሰን ክርክር ይዘናል፤ ሰዓት ያዡ ልጅ የሶማሊያ ጠበቃ ልሁን ብሎ ከወዲሁ ተመዝግቧል።

የጀልባው ባለቤትም ቀሪ ሒሳቡን እየጠበቀ ነው። ሞተሩ የቆመበትን አርባ ደቂቃ እንድንቀንስ ጠይቀነው እምቢ ብሏል።