ለአባቴ፣ ስለማጥበው ሩዝ

ቶኪዮ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እናቴና እኅቶቼስ እንዴት ናቸው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ ላይ ከጻፉልኝ ሁሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች። «ምግብ ሠሪ ሆኛለሁ ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሩዝ ከማጠብና ከመቀቀል ያላለፍከው ምን ብታጠፋ ነው?» ይላሉ። በስልክ ለመመለስ ሞክሬ ነበር፤ ሆኖም ነገሩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳዎ ወሰንሁ። እንዳያደናግርዎ ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ልንገርዎ። በዚህ አገር ሩዝ እንደ ደረሰበት ደረጃ ስሙ ይለዋወጣል፤ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ «ኢኔ»፣ ተፈትጎ ለገበያ ሲወጣ «ኮሜ»፣ በስሎ ሲቀርብ ደግሞ «ጎሃን» ይባላል። ጎሃን የሚለው ቃል ያንኑ ያህል «ምግብ» ማለትም ስለሆነ፣ ቁርስ የጠዋት ጎሃን፣ እራት የማታ ጎሃን ነው፤ ሰውየው ጠዋት ዳቦ ብቻ ቢበላም እንኳ ጎሃን በላሁ ይላል። እርስዎ ከመንገድ የመጣን ሰው «እህል ቀምሰሃል?» ብለው ሲጠይቁ እህል የሚለው ቃል የያዘውን ያህል ትርጉም፣ እዚህ የበሰለ ሩዝ ይዞታል። ኮሜ የሚጻፍበት ምልክት ሲበታተን ስምንት፣ ዐሥርና ስምንት የሚሉትን ምልክቶች ይሰጣል፤ ይኸውም በእነርሱ አጻጻፍ 88 ማለት ነው። ስለዚህ ሩዝ ከዘር እስከ ገበታ 88 ጊዜ የሰው ድካም ያልፍበታል ይላሉ፤ ሰው 88 ዓመት ሲሞላውም ልደቱ በዚሁ በሩዝ ምልክት ይጠራል።

ትርጉሙ በቃላት ብቻ የተወሰነ አይደለም። እስከ 1873 የመሬት ግብር ማሻሻያ ድረስ ገበሬው ግብሩን በዋናነት የሚከፍለው በሩዝ ነበር። የመሳፍንቱም ሀብት የሚለካው «ኮኩ» በሚባል መስፈሪያ ሲሆን፣ አንዱ ኮኩ ወደ 180 ሊትር፣ በክብደት ወደ 150 ኪሎ ገደማ ሆኖ፣ አንድን ሰው ዓመት ይቀልባል ተብሎ ይገመት ነበር። የካጋ ገዥዎች የማኤዳ ቤተሰብ ከአንድ ሚሊዮን ኮኩ በላይ ነበራቸው ሲባል፣ ያን ያህል ሕዝብ ማብላት የሚችል ግዛት ነበራቸው ማለት ነው። ዛሬም ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በገዛ እጁ ሩዝ ይተክላል፤ ይህን ልማድ የጀመሩት አያቱ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በ1927 ነው። በኖቬምበር 23 ደግሞ የዓመቱን አዲስ ሩዝ ለአማልክት አቅርቦ እርሱም ይቀምሳል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው የገባሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን የመብያ እንጨቶች ሩዝ በሞላው ሳህን መሐል ተክዬ ስልክ ላነሳ ዞር አልሁ፤ ስመለስ ባልደረቦቼ ፊታቸው ተለዋውጦ ጠበቁኝ። ለካ እንጨቶቹ እንደዚያ ተተክለው ሩዝ የሚቀርበው ለሞተ ሰው ነው።

የምሠራበት ቤት ስምንት ሰው ብቻ የሚያስተናግድ ትንሽ የሱሺ ቤት መሆኑን ጽፌልዎ ነበር። ሱሺ በኮምጣጤ በተዋሐደ ሩዝ ላይ ዓሣ ተደርጎ የሚቀርብ ምግብ ነው፤ እኛ በሩቅ ግን ሱሺ ሲባል ዓሣ ነው ብለን እናስባለን። መነሻው በእርግጥ ዓሣ ማቆያ ዘዴ ነበር፤ ዓሣው በጨውና በበሰለ ሩዝ ውስጥ ለወራት ተቀብሮ ይቦካል፣ ሩዙም ብዙውን ጊዜ ይጣል ነበር። በሺጋ ግዛት፣ በቢዋ ሐይቅ ዳር ይህን የጥንቱን ዓይነት እስካሁን ያዘጋጁታል። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ አለቃዬ ዓሣውን ሩዙ የሚለብሰው ልብስ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። በሱሺ ቤት ሩዙ «ሻሪ» ይባላል፤ ይህም ከቡድሃ ሥጋ የተረፈውን ቅዱስ ዐፅም ከሚያመለክት የሳንስክሪት ቃል የመጣ ነው ይላሉ። በዚህ ጥቅምት 100 ዓመት የሞላው፣ በቶኪዮ የጊንዛ ሰፈር ምድር ቤት ባለች ዐሥር ወንበር ቤቱ በ2007 የምግብ ቤቶችን ደረጃ ከሚያወጣው የሚሽላን መመሪያ ሦስት ኮከብ ያገኘው የሱሺ ባለሙያ ጂሮ ኦኖም ሩዙ በሰው ገላ ሙቀት ካልቀረበ የዓሣው ጥራት ከንቱ ነው ባይ ነው።

ታዲያ የእኔ ሥራ ምን እንደሚመስል በዝርዝር ልጻፍልዎ፤ እናቴ በተለይ ይህን ትወደዋለች። ደረቅ ሩዝ ከሁሉ ይበልጥ ፈጥኖ የሚጠጣው የመጀመሪያውን ውሃ ስለሆነ፣ ያንን ውሃ አፍስሼ አንድ ሁለቴ አማስዬ ወዲያው እደፋዋለሁ፤ ብዘገይ ፍሬው የፉርሽካ ሽታ ይዞ ይቀራል። ከዚያ ፍሬውን በመዳፌ ሳልጫን እያሸሁ ሦስት አራት ጊዜ አለቀልቀዋለሁ። በሙቀቱ ወራት ግማሽ ሰዓት፣ በብርዱ ወራት ከአንድ ሰዓት በላይ ዘፍዝፌ አጠልለዋለሁ። እሳቱን በተመለከተ የድሮ እናቶች የሚሉት ግጥም አለ፤ ትርጉሙ «መጀመሪያ ቀስ፣ መሐል ላይ ቦግ፣ ሕፃን ቢያለቅስ እንኳ ክዳን አትክፈት» እንደማለት ነው። ከእሳት ከወረደም በኋላ ክዳኑ ሳይነሳ ሩብ ሰዓት ያህል በገዛ እንፋሎቱ ይረጋል። በመጨረሻ ሰፊ የእንጨት ገበታ ላይ ገልብጬ፣ ኮምጣጤ፣ ጨውና ስኳር የተዋሐደበትን ፈሳሽ በማማሰያው ላይ አንጠባጥብና፣ ፍሬው እንዳይላቁጥ ሳላማስል፣ እንደ መቁረጥ እያደረግሁ እለያየዋለሁ። ወዲያው ሲራገብ ያብረቀርቃል። ሩዝ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ዕቃ ቶሺባ በ1955 ካወጣ ወዲህ ይህ ድካም ከየቤቱ ጠፍቷል፤ እኛ ዘንድ ግን አልጠፋም።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ቀን ቸኩዬ ክዳኑን ከፈትሁት። እንፋሎቱ ወጣ፤ ሩዙ ከላይ የበሰለ መስሎ ከውስጥ ጥሬ ሆነ። አለቃዬ ቀምሶ ሲያበቃ ለእኔ አንዲት ቃል ሳይናገር ወጥቶ፣ ተቀምጠው ለነበሩት እንግዶች እጅ ነሥቶ ይቅርታ ጠየቀና አዲስ እስኪበስል አንድ ሰዓት ያህል አስጠበቃቸው። የተበላሸው ሩዝ አልተጣለም። ማታ ሥራ ስናበቃ ሁላችንም፣ እርሱም ጭምር፣ ተቀምጠን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጃፓኖች ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ሰባት አማልክት አሉ፣ ሩዝ የሚያስተርፍ ዓይኑ ይጠፋል እያሉ እንደሆነ የሰማሁት በዚያች ማታ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ዓመት ልምጣ። የሱሺ ባለሙያዎች «ሩዝ ለማብሰል ሦስት ዓመት፣ በእጅ ጨብጦ ለመቅረጽ ስምንት ዓመት» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ስለዚህ እኔ የቀረሁት አጥፍቼ ሳይሆን በተራዬ ነው። ሆኖም አባባሉን ሁሉም ሰው አይቀበለውም። ባለሙያዎቹ ለሦስት ወር ብቻ በትምህርት ቤት የሠለጠኑበት አንድ የኦሳካ ሱሺ ቤት ለ2016 በወጣው የሚሽላን መመሪያ ውስጥ በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ከሚያበሉት ተርታ በገባ ጊዜ ብዙ ተከራክረዋል። እውነቱን ልንገርዎና፣ እኔም በልቤ ከሁለቱም ወገን ነኝ። እጅ የሚሠራውን በጥቂት ወራት ማጥናት ይቻላል፤ ረጅሙ የተለማማጅነት ዘመን ለባለቤቱ ርካሽ ጉልበት መሆኑም አይካድም። ግን አዲስ ሩዝ የሚገባው በዓመት አንዴ፣ በመከር ነው። አዲሱ እርጥበት ስላለው ውሃ ይቀነስለታል፤ የከረመው ደርቆ ኮምጣጤውን ይበልጥ ስለሚቀበል ብዙ ሱሺ ቤቶች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ አዲስ ሩዝን ያገኘሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። እንደዚያ ስቆጥረው ዘመኑ አጠረብኝ።

ይህን ሳስብ የሚመጣብኝ ዶገን የሚባል ጃፓናዊ የቡድሃ እምነት መነኩሴ ነው። በ1223፣ የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ እንደ እኔ አገሩን ጥሎ ለትምህርት ወደ ቻይና ተሻገረ። ገና ከመርከብ ሳይወርድ አንድ የ61 ዓመት ሽማግሌ እንጉዳይ ሊገዛ መጣ። የገዳም ወጥ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ለመነኮሳቱ በዓል የሚሆነውን ሊያዘጋጅ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ በዚያው ዕለት ሊመለስ ነው። ዶገን፣ በዚህ ዕድሜዎ ቁጭ ብለው እንደማሰላሰልና መጻሕፍት እንደማንበብ ስለምን በማድ ቤት ይደክማሉ ቢለው፣ ሽማግሌው ስቆ፣ አንተ የባዕድ አገር ሰው፣ ሥራ ምን እንደሆነ ገና አልገባህም አለው። በሌላ ገዳም ደግሞ የ68 ዓመት ሽማግሌ በቀትር ፀሐይ ባዶ ራሱን እንጉዳይ ሲያሰጣ አገኘና፣ ለምን ሌላ ሰው አያሠሩም ብሎ ጠየቀው። ሌላ ሰው እኔ አይደለም፣ አለው ሽማግሌው። ታዲያ ፀሐዩ እስኪበርድ ለምን አይቆዩም ሲለውም፣ የትኛውን ጊዜ ልጠብቅ ብሎ መለሰለት።

ዶገን አገሩ ተመልሶ በ1237 ለገዳም ወጥ ቤት ኃላፊዎች መመሪያ ሲጽፍ እነዚህን ሽማግሌዎች አልረሳም። ሩዝ ስታጥብ አሸዋውንም ሩዙንም እይ፣ አንዲት ፍሬ አታባክን፣ ድስቱን እንደ ገዛ ራስህ፣ ውሃውን እንደ ገዛ ሕይወትህ ቁጠር ይላል። አብሳይ ሦስት ልብ ያስፈልገዋል ብሎም፣ የደስታ ልብ፣ የወላጅ ልብና ሰፊ ልብ ብሎ ይጠራቸዋል። ስለ ወላጅ ልብ የጻፈውን ሳነብ፣ ደሃም ይሁን ሀብታም ልጁን ለማሳደግ የማይሰስት ሰው ሲል፣ አባቴ ሆይ፣ ከማን ጋር እንዳስተያየሁት መናገር አያስፈልገኝም።

ሌላዋ በስም ላነሳልዎ የምፈልገው ሳቶ ሃትሱሜ ናቸው። ሼፍ የሚባሉ ሰው አይደሉም፤ ምግብ ቤትም አልነበራቸውም። በሰሜን፣ በአኦሞሪ ግዛት ከኢዋኪ ተራራ ግርጌ ቤት ከፍተው፣ ልባቸው ለተሰበረ ሰዎች በገዛ እጃቸው የሩዝ ድቡልቡል እየሠሩ ያበሉ ነበር፤ በ2016 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። አንድ ጊዜ መኖር የሰለቸው ሰው እርሳቸው ዘንድ ሰንብቶ ሲሄድ ስንቅ ሰጡት። ባቡር ውስጥ ሲፈታው ሩዙ እንዳይልም ተብሎ በፎጣ ተጠቅልሎ አገኘው። ለእኔ እንዲህ ያሰበልኝ ሰው ካለ ብሎ ሐሳቡን ለወጠ ይባላል። ዕውቀታቸው ሁሉ ፍሬው እንዲተነፍስ ሳይጫኑ በመያዝ ላይ ነበር፤ እኔን ከሚያስተምረኝ ሰው ጋር በአንድ ቃል የሚስማሙ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ሕዝቡ ራሱ ከሩዝ እየራቀ ነው። በ1962 አንድ ሰው በዓመት 118 ኪሎ ይበላ የነበረው፣ ዛሬ ከግማሽ በታች፣ ወደ 50 ኪሎ ገደማ ወርዷል። ይሁንና በ2025 አምስት ኪሎ ሩዝ ከ4,000 የን በላይ፣ ማለትም የቀድሞውን እጥፍ ባወጣ ጊዜ፣ መንግሥት የመጠባበቂያ ክምችቱን ከፈተ። የግብርና ሚኒስትሩም ደጋፊዎቼ ስለሚሰጡኝ ሩዝ ገዝቼ አላውቅም ብሎ በመናገሩ ሥልጣኑን ለቀቀ። ዳቦ ገዝቼ አላውቅም ቢል ኖሮ ይህን ያህል የሚቆጣው ያገኝ ነበር ብዬ አልገምትም።

የዘንድሮው አዲስ ሩዝ ባለፈው ሳምንት ገባ። እስካሁን የውሃውን ልክ የሚወስነው አለቃዬ ነበር፤ በዚህ መከር ግን ከረጢቱን ከፍቶ ጥቂት ፍሬ በጥርሱ ሰበረና፣ «አንተ ወስን» ብሎኝ ዓሣውን ወደ ማዘጋጀት ዞረ። ከአሮጌው አንድ ዐሥረኛ ያህል ቀንሼ አበሰልሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከገበታው ላይ አንድ ቁንጥር አንሥቶ ቀመሰ፣ ቆየት አለ፣ ከዚያም «ነገ አንድ ማንኪያ ጨምር» ብሎ ሄደ። በማግስቱ አንድ ማንኪያ ጨመርሁ፤ ቀመሰ፣ ምንም አላለም። ዛሬም እንዲሁ ምንም ሳይል ወደ ሥራው ገባ።

ሰዓቱ ስለደረሰ ሩዙን ልዘፍዝፍ እሄዳለሁ። ለእናቴና ለእኅቶቼ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ለዓይንዎ ሕክምና ያልሁት ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ይደርስዎታል።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከቶኪዮ