ለእትዬ፣ እና ለሌሎቻችሁም ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መልእክት መስከረም ላይ ልጽፈው ነበር፤ ይኸው ጥር ገባ። ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ልጆቹ ጥናት ላይ ናቸው፣ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። አሁን ካልጻፍኩ መቼም አልጽፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ያለፈው ዓመት እንዴት እንደነበር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቪዛው፣ የባለቤቴ ሕመም፣ ያለ ሥራ የከረምኩበት ጊዜ። እሱን አልተርክም። አሁን ሥራ አለኝ፣ ቤትም ከሥራው ጋር ተሰጥቶኛል፣ እሷም ተመስገን ድናለች። ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ወንዶች ዶርም ምድር ቤት ነው የምንኖረው። ሥራውን "ዶርም ፓረንት" ይሉታል። ደብረ ማርቆስ ያሉት ጓደኞቼ "ፕሮክተር ሆንኩ አትልም!" ብለው ሳቁብኝ። አባቴ ደግሞ ልጅነታቸውን ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ደበሎ ለብሰው ያሳለፉ ሰው ናቸውና "የቆሎ ተማሪ አለቃ ማለት ነው?" አሉኝ። ከሁለቱ የአባቴ ይቀርባል። የኔዎቹ ግን በእንተ ስማ ለማርያም ብለው አይለምኑም፣ ፒዛ ያዝዛሉ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ማታ ስም ትጠራለህ፣ ስልክ ትሰበስባለህ፣ መብራት ታስጠፋለህ፣ የታመመ ካለ ክሊኒክ ታደርሳለህ፣ ቅዳሜ ከግቢ ለሚወጣው ፈቃድ ትፈርማለህ። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በርህ ሲንኳኳና ፒጃማ የለበሰ የሰው ልጅ ፊትህ ቆሞ ምንም ሳይናገር ሲያይህ፣ ያን ጊዜ ምን እንደምትል የትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ነው እትዬ የሚመጡት።

ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። ስማቸውን መጥራት አይወዱም፣ አልጠራውም። ግን ከገጠር መጥቶ ማርቆስ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ሁሉ የራሱ እትዬ ያለው ይመስለኛል። እኔ ከሲናን ነው የመጣሁት። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራየን፤ አከራያችን እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ወደ ቤት ሄደን እሑድ ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። እንጀራው ረቡዕ ይሻግታል። ከዚያ በኋላ የገብስ ቆሎና ድንች ነው፣ ድንቹም ካልተረፈ ቆሎው ብቻ። እትዬ ያከራዩን ክፍል ነው እንጂ ሊቀልቡን ውል የለባቸውም። ግን ሐሙስ ማታ በሩን በከዘራቸው መታ መታ ያደርጉና "ኑ፣ ወጥ ተርፎኛል" ይላሉ። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሴት፣ ለአምስት ሰው የሚበቃ ወጥ ነው ሁልጊዜ የሚተርፋቸው!

የሽንኩርቱ ነገር ግን ከዚህም ይበልጣል። መጀመሪያው ሳምንት ላይ እናቴ ናፍቃኝ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር የሰነበትኩት። ማልቀስ አይሞከርም፤ ሦስቱ ይስቁብኛል። እትዬ አንድ ማታ ጠሩኝና ሰፌድ ሙሉ ቀይ ሽንኩርትና ቢላ ሰጡኝ። "ክተፍልኝማ፣ እኔን ዓይኔን አቃጠለኝ" አሉ። ተቀምጬ ከተፍኩ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፣ ቆይቶ ንፍጤም ተከተለ፣ ጋቢዬን ሁሉ አበሰበስኩት። እሳቸው ዞር ብለው ምድጃ ይቆሰቁሳሉ። ማንም ምን ሆንክ አላለኝም። ሽንኩርት የሚከትፍን ሰው ማን ምን ሆንክ ይለዋል? ነገሩ የገባኝ በዓመቱ ነው፣ አዲስ የመጣ ልጅ ያንኑ ሰፌድ ታቅፎ ሳየው።

መስከረም ላይ እዚህ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ሻወሩን ከፍቶ ያለቅሳል። ውኃው ድምፁን የሸፈነለት ይመስለዋል፣ እኔ ግን ግድግዳ ነው የሚለየን። ነሐሴ ላይ ሥልጠና ሰጥተውናል፣ ጥሩ ሥልጠና ነው፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪም አለች፣ ለእሷም ነግሬያለሁ። ግን ልጁ ለማንም አፉን አልከፍት አለ። ያን ሰሞን እዚህ ከምሽቱ አራት ተኩል ሲሆን ማርቆስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ መብራት አስጠፍቼ ስጨርስ እትዬ ኪዳን ሊሄዱ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ማለት ነው። መስመሩ እንዳጋጣሚ ገባልኝ። የልጁን ነገር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

"ሽንኩርት የለም እንዴ እዚያ አገር?" አሉኝ።

ቅዳሜ ልጁን ጠርቼ ዶሮ ወጥ ልሠራ ነው፣ እርዳኝ አልኩት። እንደ ድንች ነው የከተፈው፣ እናቶቻችን ቢያዩት ይሸሹ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም ዞር ብዬ ድስቱን አማሰልኩ፣ ድስቱ ውስጥ ገና ምንም የለም። ሲጨርስ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ "ይሄ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው" አለኝ። አዎ፣ በጣም ኃይለኛ ነው አልኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት አምስት ሆነው ይመጣሉ። ባለቤቴ ፍሪዘሩ በተከተፈ ሽንኩርት ሞላ እያለች ታማርራለች።

እትዬ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ታነብልዎታለች ብዬ ነው። የጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚህ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሚመልሱት ነው ከዚያ ወዲህ ስደውል ያጣሁዎት፤ ረስቶኝ ነው እንዳይሉ። ደግሞ ያችን ከመጀመሪያ ደሞዜ የላክኋትን ብር፣ ነጠላ ይግዙባት ብዬ ነበር። ለዘንድሮ ተከራይ ልጆች ከሰል እንደገዙባት ሰማሁ። እንግዲህ ምን ልበል። እንደፈለጉ ያድርጓት።

ቦስተንና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ ባለቤቴ ስትታመም ተራ ገብታችሁ ምግብ ያመላለሳችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድሮ አብረን ያስተማርን የማርቆስ መምህራን፣ እናንተም። ጎረቤቴ፣ ኮቱን ሰጥተኸኝ በታኅሣሥ ፀሐይ ገና በአሥር ሰዓት ስትጠልቅብኝ ያለፍኩት በእሱ ነው፤ አማርኛ ስለማታነብ በአፌም እነግርሃለሁ። ቡና ስቆላ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጮሆ በሌሊት የተጠራችሁ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ይቅርታም ምስጋናም። ብርድ ልብስ ተከናንበው ውጭ የቆሙት ልጆች እስከ ዛሬ "ዛሬ ቡና አለ?" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ባለቤቴን እዚህ ላይ አላመሰግንም። ብጀምር አልጨርስም፣ እሷም ጽሑፍ ላይ መነሳት አትወድም።

ስማችሁን ያላነሳሁ ብዙ ናችሁ። ብር ያበደራችሁኝ፣ ፎርም የሞላችሁልኝ፣ ስልክ ሳላነሳ ያልተቀየማችሁኝ። ዘርዝሬ ጽፌ ነበር፣ አንዱን ረስቼ ሌላውን ባነሳ ይብሳል ብዬ አጠፋሁት። እባካችሁ አትዘኑብኝ።

አራት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ስልክ ልሰበስብ። እትዬ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ።