ፎቶውን ለጥፈን ዘፈኑን ያልሰማነው ቱፓክ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ባለፈው አንድ ልጅ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳዬን እያየ "ይሄ ሰውዬ ግን ማነው?" አለኝ። ቱፓክ ነዋ፣ አሜሪካዊው ራፐር! ደንግጬ ቶንዶሱን አጠፋሁት። የመጣበት ባጃጅ ራሱ ከኋላው ቱፓክ ተለጥፎበታል እኮ። ታክሲው ላይ ቱፓክ፣ ፀጉር ቤቱ ቱፓክ፣ ምን ብሎ እንደዘፈነ የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው፣ የሚያውቀውም ስድቡንና ፀቡን ቀድሞ ይሰማና "ራፕ የዱርዬ ነገር ነው" ብሎ ይዘጋዋል፣ በዛ በኩል ለገባ ሰው ደሞ አልፈርድበትም።

ስለዚ ከየት ልጀምር ለሚል ሰው፣ ከ"ብሬንዳስ ጋት ኤ ቤቢ" ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)፣ የመጀመሪያ አልበሙ ላይ። ጋዜጣ ላይ ካነበበው ወሬ ተነስቶ ነው የፃፈው (እናንተ ጋዜጠኞች ደስ ይበላችሁ)፣ ብሩክሊን ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ ከዘመዷ አርግዛ ትወልድና ህፃኑን ቆሻሻ መጣያ ትጥለዋለች። ዘፈኑ ልጅቷን አይሰድባትም፣ ቤተሰቡ የት ነበር፣ ጎረቤቱስ ነው የሚለው። እኛስ ከገጠር ለሰው ቤት ስራ መጥታ አርግዛ የተባረረች ልጅ አናውቅም እንዴ?

ከዛ "ኪፕ ያ ሄድ አፕ"፣ 1993። ላታሻ ሃርሊንስ ለምትባል የ15 ዓመት ልጅ መታሰቢያ አድርጎታል፣ ሎስ አንጀለስ ሱቅ ውስጥ በአንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጁስ ሰበብ የተገደለች፣ የተኮሰችባት ባለሱቅ ጥፋተኛ ተብላ እንኳን እስር ቤት ሳትገባ በገደብ ተለቀቀች።

እኔን የሚገድለኝ ግን "ዲር ማማ" ነው፣ 1995። እናቱ አፌኒ ሻኩር ብላክ ፓንተር የሚባለው የአሜሪካ ጥቁሮች የትግል ድርጅት ታጋይ ነበረች፣ እሱን አርግዛ ተከሳ ራሷ ተከራክራ ነፃ ወጥታ በወሩ ወለደችው፣ ሰኔ 1971 መሆኑ ነው። በኋላ ግን ሱስ ውስጥ ገባች። እና ልጅየው ይሄን ሳይደብቅ ነው የሚያመሰግናት! እኛ ጋ ስለ እናት ሲዘፈን እናት መልአክ ናት፣ አትሳሳት፣ አትወድቅ፣ እሱ ግን የወደቀችዋን እናቱን ነው ንግስት ያላት። በ2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ ለትውልድ ይቀመጡ ካላቸው ቅጂዎች ውስጥ አስገብቶታል። "ቼንጅስ"ን ከነዚህ ቀጥሎ ስሙት፣ ቀላል ነው፣ ከሞተ በኋላ ነው የወጣው።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። "ዲር ማማ" ያለበት አልበም በሽያጭ አንደኛ ሲወጣ ልጁ በሴት ላይ በፈፀመው ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ እስር ቤት ነበር፣ እሱ አላደረኩም ቢልም። ሴቶችን የሚያዋርዱ ዘፈኖችም አሉት። ይሄ ሁሉ በ25 ዓመት እድሜ ነው፣ መስከረም 1996 ላስ ቬጋስ ተተኩሶበት ሞተ።

እናቴ መንዝ ነው ያደገችው፣ አሁንም ሱፍ ትፈትላለች። አንድ ምሽት ብርዱ አላስወጣ ሲለኝ "ዲር ማማ"ን በስልክ ከፍቼ እያቆምኩ ተረጎምኩላት። እሷ ስትፈትል ዝም ብላ ሰማችና የሱሱ ቦታ ላይ ስደርስ እንዝርቷን አቆመች፣ "እናቱ ሰማችው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "አለች?" በ2016 ሞተች፣ ከሱ በኋላ 20 ዓመት ኖራ አልኳት።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄን እየሰማች?" አለችና "በል መልሰው" አለችኝ።

ፀጉር ቆራጩ፣ ከደብረ ብርሃን